ከውዱ ማይክሮስኮፕ በፊት የሚቀድመው ስስ በረዶ

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች፣ በተለይም በመተማና በሁመራ፣ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ለወቅታዊ ሥራ የሚሰማሩ ዜጎችን ለከፋ ጉዳት ከሚዳርጉ በሽታዎች አንዱ ካላዛር መሆኑ ይታወቃል። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ይህ በሽታ ሕክምና ካላገኘ ከ100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑትን ለሞት እንደሚዳርግ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ ያቀረበው ምክረ ሐሳብ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የተባሉት መድኃኒቶች በጣምራ ለ17 ቀናት በመርፌ እንዲሰጡ የሚያስገነዝብ ነበር።

ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፓሮሞማይሲን በበሽታ አምጪው ጥገኛ ተዋሲ ውስጥ በትክክል የት ላይ አርፎ ሥራውን እንደሚሠራ በአቶም ደረጃ የታየው እ.ኤ.አ በ2017 ነው። በእስራኤል የዋይዝማን የሳይንስ ተቋምና በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ በተሰኘው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት መድኃኒቱ የሌሽማኒያን ራይቦዞም፣ ማለትም በሴል ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራውን ውስብስብ አካል፣ በምን ሁኔታ እንደሚያውክ በምስል አሳይተዋል። ጥናቱ በመድኃኒቱ ማረፊያ ዙሪያ በተዋሲው ላይ ብቻ የሚገኙ ልዩ ገጽታዎችንም በመለየቱ ለአዳዲስ መድኃኒቶች ፍለጋ ፍንጭ የሰጠ ነው።

ይህ ምስል የተገኘው ራይቦዞሞቹ ከሰው ጸጉር እጅግ በቀጠነ የበረዶ ሽፋን ውስጥ ሳይሰባበሩና ሳይደርቁ እንዲቆዩ ተደርገው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ በመነሳታቸው ነው። ክሪዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፒ በመባል የሚታወቀው ይህ ዘርፍ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው በሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር ስለሚገዛው ግዙፍ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ የሥራውን ስኬት የሚወስነው፣ በአንጻሩ አነስተኛ ወጪ የሚጠይቀውና እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ መፍትሔ ያልተገኘለት ክፍል ከማሽኑ በፊት ያለው የናሙና ዝግጅት ነው። ይህ እውነታ ደግሞ ውዱን መሣሪያ ለመግዛት አቅም ለሌላቸው አገሮች ቀላል ግምት የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም።

ለመሆኑ ናሙናውን ማቀዝቀዝ ለምን አስፈለገ? በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ያለ እንቅፋት እንዲጓዙ የመሣሪያው ውስጠኛ ክፍል አየር አልባ መሆን አለበት። ሕይወት ያለው ነገር በአመዛኙ ውሃ በመሆኑ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ እንዳለ ቢገባ ውሃው ወዲያውኑ ይተንናል፤ የናሙናውም ቅርጽ ይፈርሳል። ከዚህም በተጨማሪ የኤሌክትሮኖቹ ጨረር ራሱ እንደ ፕሮቲን ያሉትን ስስ አካላት ያቃጥላል። ጀርመናውያኑ ማክስ ክኖልና ኤርንስት ሩስካ የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከሠሩበት እ.ኤ.አ ከ1931 አንስቶ ለበርካታ አሥርተ ዓመታት የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች የነበራቸው አማራጭ ናሙናውን ማድረቅ፣ በፕላስቲክ መሰል ሙጫ ውስጥ መቅበር ወይም እንደ ዩራኒየም ባሉ ከባድ ብረቶች ጨው መቀባት ነበር። በዚህ መንገድ የሚገኘው ምስል የናሙናውን ጥላ እንጂ ራሱን ናሙናውን ያሳያል ለማለት አያስደፍርም።

ውሃውን ማቀዝቀዝም ቢሆን በተለመደው መንገድ ከተከናወነ ጉዳቱ ያመዝናል። በማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ሆኖ የቆየ ቲማቲም ሲቀልጥ ለምን እንደሚልፈሰፈስ ማንኛዋም የቤት እመቤት ታውቀዋለች። ውሃ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ ተሰልፈው ክሪስታል ይሠራሉ፤ ክሪስታሉም እያደገ ሲሄድ የሴሉን ግድግዳ ይቀዳል፣ ፕሮቲኖችንም ወደ ዳር ይገፋል። በማይክሮስኮፑ ውስጥ ደግሞ እነዚሁ ክሪስታሎች ኤሌክትሮኖችን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑ ምስሉን ያበላሻሉ። ስለሆነም የሚፈለገው ውሃው ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ እንደ መስተዋት ባለበት እንዲደርቅ ማድረግ ነው። ለዚህም በአንድ ሰከንድ ከ100 ሺህ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ፍጥነት ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

ይህ ይቻላል ብሎ የሚያምን ብዙ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1980 በኦስትሪያ ኢንስብሩክ የሚገኙ ተመራማሪዎች ንጹሕ ውሃን ወደ መስተዋታዊ በረዶ መለወጥ እንደሚቻል አስታወቁ። በቀጣዩ ዓመት ስዊዘርላንዳዊው ዣክ ዱቦሼና ባልደረባው አላስደር ማክዳውል በጀርመን ሃይደልበርግ በሚገኘው የአውሮፓ ሞለኪዩላር ሥነ ሕይወት ላቦራቶሪ ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚመች ስስ መስተዋታዊ በረዶ መሥራት መቻላቸውን ይፋ አደረጉ። እ.ኤ.አ በ1984 ደግሞ የዱቦሼ ቡድን ያልተቀቡና ያልደረቁ ቫይረሶችን በዚህ ዓይነት በረዶ ውስጥ አንስቶ ለዓለም አሳየ። ዱቦሼ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ በ2017 ከዮአኪም ፍራንክና ከሪቻርድ ሄንደርሰን ጋር የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ከሦስቱ ተሸላሚዎች የዱቦሼ ድርሻ በቀጥታ ናሙናን ከማዘጋጀት ጋር የተያያዘ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

አሠራሩ ሲታይ እጅግ ቀላል ነው። ዲያሜትሩ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ከመዳብ ወይም ከወርቅ የተሠራ ወንፊት መሰል ክብ ሳህን ይዘጋጃል፤ በላዩ ላይም አንድ ወይም ሁለት ማይክሮሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች የበዙበት ስስ የካርቦን ሽፋን ይነጠፋል። ሳህኑ በጫፉ በወረንጦ ተይዞ 3 ማይክሮሊትር ያህል ፕሮቲን ያለበት ፈሳሽ ይንጠባጠብበታል። ከዚያም የማጣሪያ ወረቀት ለጥቂት ሰከንዶች ተጠግቶ ትርፉን ፈሳሽ ይመጥጣል። በየቀዳዳው ላይ ተወጥሮ የሚቀረው የውሃ ሽፋን ውፍረቱ ከ100 ናኖሜትር ያነሰ ሊሆን ይገባል፤ የሰው ጸጉር ውፍረት ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር መሆኑን ስናስታውስ የሽፋኑን ስስነት ለመገመት አያዳግትም። ወረንጦው ተለቆ ሳህኑን ይዞ ወደ ታች ሲወረወር ናሙናው በጣም በቀዘቀዘ ፈሳሽ ውስጥ ይጠልቃል፤ ሥራውም በቅጽበት ይጠናቀቃል።

ናሙናው የሚጠልቅበት ፈሳሽ ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት ናይትሮጅን አይደለም። ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ የሚፈላ በመሆኑ ሞቅ ያለ ነገር ሲገባበት በዙሪያው የጋዝ ሽፋን ይፈጠራል። ይህም በጋለ ምጣድ ላይ የተንጠባጠበ ውሃ ወዲያው ከመትነን ይልቅ እንደ ኳስ እየተንከባለለ ከሚቆይበት ሁኔታ ጋር ይመሳሰላል። የጋዙ ሽፋን ቅዝቃዜውን ስለሚከላከል ናሙናው በሚፈለገው ፍጥነት አይቀዘቅዝም። በመሆኑም ኤቴን የተባለው ጋዝ በትንሽ የብረት ጽዋ ውስጥ ሆኖ በዙሪያው ባለው ናይትሮጅን ቅዝቃዜ ወደ ፈሳሽነት እንዲለወጥ ይደረግና ናሙናው በእሱ ውስጥ ይጠልቃል። ኤቴን ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ አካባቢ የሚረጋ፣ የሚፈላው ግን ገና ከዜሮ በታች 89 ዲግሪ ላይ በመሆኑ በናሙናው ዙሪያ ጋዝ ሳይሠራ ሙቀቱን ይነጥቃል። በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሆነም አያያዙ ጥንቃቄ ይሻል።

ፈሳሽ ናይትሮጅን ለአገራችን ባለሙያዎች እንግዳ ነገር አለመሆኑን እዚህ ላይ መጥቀስ ተገቢ ነው። በቃሊቲ በተቋቋመው ማዕከልም ሆነ በየክልሉ የዳልጋ ከብት ሰው ሠራሽ የማዳቀል ሥራ ላይ የተሰማሩ ቴክኒሻኖች የኮርማ አባላዘር የሚያቆዩት ነጭ ጉም በሚያወጣው በዚሁ ፈሳሽ በተሞላ ማሰሮ መሰል ዕቃ ነው። በእርግጥ ሁለቱ ሥራዎች ይለያያሉ፤ አባላዘሩ ከቅዝቃዜው የሚድነው ግሊሰሪን በመሰሉ መከላከያዎች ሲሆን ከቀለጠም በኋላ ሕያው ሆኖ መገኘት አለበት። በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ግን ዳግመኛ አይቀልጥም። ከዜሮ በታች ወደ 135 ዲግሪ ገደማ ከፍ ካለ እንኳ መስተዋታዊው በረዶ ወደ ክሪስታልነት ስለሚለወጥ የቀናት ድካም በደቂቃ ውስጥ መና ይቀራል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመለስ፣ በጽሑፍ ሲነበብ ቀላል የሚመስለው ይህ ሥራ በተግባር የተመራማሪዎችን ትዕግሥት የሚፈታተን ሆኖ ቆይቷል። በረዶው ከወፈረ ኤሌክትሮኖች ውስጡ ይበታተናሉ፤ ከቀጠነ ደግሞ ፕሮቲኖቹ ከቀዳዳው መሐል ተገፍተው ወደ ጠርዝ ይሸሻሉ። የክፍሉ አየር ደረቅ ከሆነ ስሱ ሽፋን ከመጥለቁ በፊት ይተንናል፤ ስለዚህም ማጥለቂያው እርጥበቱና ሙቀቱ ቁጥጥር በሚደረግበት ሳጥን ውስጥ እንዲሆን ተደርጓል። በሌላ በኩል የክፍሉ አየር እርጥብ ከሆነ ከቀዘቀዘ በኋላ ናሙናው ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሲዛወር ከአየሩ የሚመጣ ውርጭ ይለጠፍበታል። የማጣሪያ ወረቀቱ ለምን ያህል ሰከንድና በምን ያህል ግፊት መጠጋት እንዳለበት የሚወስን አስተማማኝ ቀመር ባለመኖሩ አንዱ ሳህን ሲሳካ በተመሳሳይ ሁኔታ የተዘጋጀው ሌላው ሊበላሽ ይችላል።

ከሁሉም የሚከፋው ችግር ግን ለረጅም ጊዜ ተገቢው ትኩረት ያልተሰጠው ነበር ማለት ይቻላል። ሽፋኑ እጅግ ስስ በመሆኑ በውስጡ የሚዋኝ እያንዳንዱ ፕሮቲን ከመቀዝቀዙ በፊት ባሉት ሰከንዶች ውስጥ ከውሃውና ከአየሩ መገናኛ ጋር ደጋግሞ ይጋጫል። ብዙ ፕሮቲኖች እዚያ ይጣበቃሉ፤ ከፊሎቹም ይፈታሉ። በኒውዮርክ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2018 በርካታ ናሙናዎችን በሦስት አቅጣጫዊ ምስል ፈትሸው አብዛኞቹ ቅንጣቶች በበረዶው መሐል ሳይሆን በሁለቱ ገጾቹ ላይ ተለጥፈው እንደሚገኙ አሳይተዋል። የተለጠፈ ቅንጣት ዘወትር አንድ ጎኑን ብቻ ያሳያል፤ ሦስት አቅጣጫዊ ቅርጽ ለመሥራት ግን ከሁሉም ጎን መታየት ይኖርበታል። ለዚህ መፍትሔ ይሆናሉ ከተባሉት መካከል ፈሳሹን በደቃቅ ጠብታ ረጭቶ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚያጠልቅ መሣሪያ፣ በናሙናው ውስጥ ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር መጨመርና ፕሮቲኖቹን የሚይዝ ተጨማሪ ስስ ንጣፍ መጠቀም ይገኙበታል። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2014 ያስተዋወቁት ሙሉ በሙሉ ከወርቅ የሚሠራ ሳህንም በጨረሩ ምክንያት የሚከሰተውን የናሙና መንቀሳቀስ በእጅጉ ቀንሶታል። ሁሉንም ናሙና የሚያስማማ አንድ መንገድ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ከላይ የተገለጸው ከሴል ተለይተው ለወጡ ፕሮቲኖች ነው። ፕሮቲኑን በመኖሪያው፣ ማለትም በሴሉ ውስጥ እንዳለ ለማየት ሲፈለግ ሌላ ዓይነት ፈተና ይመጣል። አንድ የሰው ሴል ብዙ ሺህ ናኖሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን የኤሌክትሮን ጨረር ከ300 ናኖሜትር በላይ የወፈረን ነገር በአግባቡ ዘልቆ ምስል መስጠት ያዳግተዋል። ቀደም ሲል የተሞከረው የቀዘቀዘውን ሴል በዚያው ቅዝቃዜ እንዳለ በአልማዝ ቢላ እንደ ቋንጣ ዘልዝሎ መመልከት ነው። የዱቦሼ ቡድን በስዊዘርላንድ ሎዛን ይህን ዘዴ ከፍ ወዳለ ደረጃ ቢያደርሰውም ቢላው ናሙናውን ስለሚጨፈልቀውና ጭረት ስለሚተውበት እንዲሁም የተካነ እጅ ስለሚፈልግ በስፋት ሊዳረስ አልቻለም። ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ እየተስፋፋ የመጣው በጋሊየም አዮኖች ጨረር ሴሉን ከላይና ከታች እየላጉ መሐሉ ላይ ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር የሆነ ስስ ቅጠል ማስቀረት ነው። ይህም ቢሆን እንከን አልባ አይደለም፤ የአዮኖቹ ጨረር የቅጠሉን ገጽ መጉዳቱ አልቀረም። መሣሪያውም ከቀላሉ ማጥለቂያ ጋር የማይነጻጸር ዋጋ አለው።

ዘርፉ ያለውን ፋይዳ በተግባር ያሳየው የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ነው። የቫይረሱ የዘረመል ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ በጥር 2020 ይፋ በተደረገ በስድስት ሳምንታት ውስጥ በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ተባባሪዎቻቸው የቫይረሱን እሾህ መሰል ፕሮቲን ቅርጽ በዚሁ ዘዴ አሳይተው በሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። ፕሮቲኑ ቅርጹን እንዳይለውጥ በሁለት ቦታ ላይ የተደረገለት ማሻሻያ በፋይዘርና በሞደርና ክትባቶች ውስጥ ሥራ ላይ ውሏል። ይህን ያህል ፍጥነት የተገኘው ግን በአጋጣሚ አልነበረም። ተመራማሪዎቹ በሌሎች የኮሮና ቫይረሶች ላይ ለዓመታት የቆየ ልምድ ነበራቸው፤ ናሙናውንም እንዴት እንደሚያዘጋጁ አስቀድመው ያውቁ ነበር።

በአሁኑ ወቅት አንዳንድ ወገኖች የሰው ሠራሽ አስተውሎት መርሐ ግብሮች የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒዩተር መተንበይ ከቻሉ ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ሲያነሱ ይደመጣል። አልፋፎልድ የተሰኘውን መርሐ ግብር ያበለጸጉት ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር እ.ኤ.አ በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋሪ መሆናቸውም ለጥያቄው ክብደት ሰጥቶታል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ድምዳሜው ችኩል ነው። መርሐ ግብሩ የሠለጠነው ተመራማሪዎች በአሥርተ ዓመታት የላቦራቶሪ ሥራ ባጠራቀሟቸው ቅርጾች ሲሆን፣ አንድ መድኃኒት በአንድ ተዋሲ ራይቦዞም ላይ በእርግጥ የት እንዳረፈ ለማረጋገጥ ትንበያ ብቻውን በቂ አይሆንም። ትንበያው ሥራውን ያቀላል፤ ማረጋገጫው ግን አሁንም በረዶው ውስጥ ነው ያለው።

ታዲያ ይህን ማረጋገጫ ማግኘት የሚችለው ማን ነው? ከፍተኛ ጥራት ያላቸው ማይክሮስኮፖች በአብዛኛው በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በምሥራቅ እስያ የተከማቹ ናቸው። መሣሪያውን መግዛት ብቻም ሳይሆን ከንዝረት ነጻ የሆነ ሕንጻ፣ የማይቆራረጥ የኤሌክትሪክ ኃይልና ውድ የጥገና ውል ያስፈልገዋል። ሀብታም በሚባሉት አገሮችም ቢሆን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን መግዛት ስላልቻለ በጋራ መጠቀም የተለመደ ሆኗል። አሜሪካ እ.ኤ.አ በ2018 ለተመራማሪዎቿ በነጻ የሚያገለግሉ ሦስት ብሔራዊ ማዕከላትን አቋቁማለች፤ በእንግሊዝም ዳይመንድ በተሰኘው የምርምር ተቋም ውስጥ ተመሳሳይ ማዕከል ይገኛል። በእነዚህ ቦታዎች የሚስተናገደው ተመራማሪ ማሽኑን ሳይሆን የቀዘቀዘ ናሙናውን ይዞ ይቀርባል።

አፍሪካ በዚህ ዘርፍ ፈጽሞ ባዶ እጇን ናት ማለት አይቻልም። የኤሌክትሮን ምስሎችን ወደ ሦስት አቅጣጫዊ ቅርጽ በመለወጥ ሥራው እ.ኤ.አ የ1982ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተቀበለው አሮን ክሉግ በደርባን ያደገና በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሲሆን ዩኒቨርሲቲውም የምስልና የትንተና ማዕከሉን በስሙ ሰይሟል። ስታርት የሚል ምህጻረ ቃል የተሰጠው በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ ይደገፍ የነበረ መርሐ ግብር የአፍሪካ ተመራማሪዎችን ከዳይመንድ ጋር ሲያገናኝ የቆየ ሲሆን፣ ባዮስትራክት አፍሪካ የተሰኘው ድርጅትም በአህጉሪቱ ወጣት ተመራማሪዎችን በፕሮቲን ቅርጽ ጥናት ሲያሠለጥን ቆይቷል። በሌላ በኩል የካምብሪጁ ሄንደርሰንና ባልደረቦቹ በተለመደው 300 ኪሎቮልት ምትክ በ100 ኪሎቮልት የሚሠራና ዋጋው ዝቅ ያለ ማይክሮስኮፕ በቂ ጥራት እንደሚሰጥ እ.ኤ.አ በ2023 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል።

ከዚህ በመነሳት ሲታይ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች የሚያዋጣው መነሻ ማይክሮስኮፑ ሳይሆን ማጥለቂያው ይመስላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው፤ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከ1970 እ.ኤ.አ ጀምሮ በሥጋ ደዌና በሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ላይ ሲሠራ ቆይቷል። በሽታዎቹን በቅርብ የሚያውቁት፣ መድኃኒት የተላመደው ተዋሲ በየትኛው ወረዳ እንደታየ የሚከታተሉትም እነዚህን በመሳሰሉ ተቋማት የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። ፕሮቲን አጥርቶ ማውጣት፣ በቀላል ማጥለቂያ ሳህኖችን ማዘጋጀትና ጥራታቸውን በመለስተኛ ማይክሮስኮፕ መፈተሽ ከተቻለ የመጨረሻውን ምስል በሌላ አገር ማንሳት ይቻላል። ምስል የማንሳቱ ሥራ ደግሞ በኢንተርኔት አማካኝነት ከርቀት ሊከናወን እንደሚችል ተመራማሪዎች መጓዝ ባልቻሉበት የኮቪድ ወቅት በሚገባ ተረጋግጧል። ይህ ካልሆነ ግን የትኛው ተዋሲ፣ ከየትኛው መድኃኒት ጋር ይታይ የሚለውን የሚመርጠው ሁልጊዜም ሌላው ወገን ይሆናል።

የተዘጋጁት ሳህኖች በአውሮፕላን የሚጓጓዙት ናይትሮጅኑን እንደ ስፖንጅ መጥጦ በሚይዝ ልዩ ዕቃ ነው። ዕቃው ፈሳሽ የሚያፈስ ስላልሆነ አየር መንገዶች ይቀበሉታል፤ ቅዝቃዜውንም ከአንድ ሳምንት በላይ ይጠብቃል። የሳህኖቹ ክብደት ከጥቂት ግራም አይበልጥም። ሆኖም የሥነ ሕይወት ናሙና ከአገር ለማስወጣት የሚያስፈልገው ፈቃድና የናሙናውንም ሆነ የውጤቱን ባለቤትነት የሚወስነው ስምምነት አስቀድሞ ካልተጠናቀቀ፣ ወይም ዕቃው በመዳረሻው የጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ከአሥራ አምስት ቀናት በላይ ከቆየ፣ ናይትሮጅኑ ተንኖ ያልቃል፤ ሲከፈትም የሚገኘው የረጠበ መዳብ ብቻ ይሆናል።